ስድስት ጊዜ የሞተው ኮምፒውተር

የሃዊ ብዙነህ ኮምፒውተር ለስድስተኛ ጊዜ የሞተው ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው። አልተንተፋተፈም፣ አላቃሰተም፤ እፍ እንደተባለ ኩራዝ ድርግም አለ። ሰዓቱ በትክክል የታወቀው ሃዊ ፈተና ላይ ስለነበረችና ዓይኗን ከቆጣሪው ስላልነቀለች ነው።

በማግስቱ ሬሳው አዳማ አሮጌው መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ፣ ጎኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ነበር። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ዘርፉ ጥገና» ይላል። ዘርፉ ጫምሳ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ሙያውን ያስተማራት ሰው የለም፤ የተቃጠሉ ስልኮች፣ የተጣሉ ቴሌቪዥኖችና የራሷ እልህ አስተማሯት። አዲስ ደንበኛ አንገቱን አስግጎ «ጠጋኙ የለም?» ሲላት «አለ፤ ተበላሽቶ ውስጥ ተፈትቷል» ብላ ትመልሳለች።

«ማን ነው የገጣጠመው?» አለች፣ በትንሽ ባትሪ ውስጡን እያበራች።

«እኔ» አለች ሃዊ።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። አንዱን ዕቃ ከአዲስ አበባ፣ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ካገለገለ እየለቀምኩ አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ።»

«ሽቦ እንዲህ አድርጎ ያሰረ ሰው በዚህ ከተማ አላየሁም።» ይህ ከዘርፉ አፍ ሲወጣ ምስጋና መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። «ለመሞቱ ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

«ራሴን ነዋ። ሌላ ማንን? ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ፣ ሞተ። ሜሞሪውን ቀየርኩ፣ ሞተ። ሁሉን ነገር አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ሞተ። ከዚህ በኋላ የማውቀው ነገር የለም።»

ሃዊ የምትፈተነው ለአንድ ሥራ ነው። ውጭ አገር ያለ ድርጅት አማርኛና ኦሮምኛ ብቻ ለሚናገሩ ሕሙማን ከሐኪማቸው ጋር የሚያስተረጉምላቸው ሰው ይፈልጋል፤ ሥራው ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ነው። ፈተናው ሁለት ሰዓት ሙሉ በካሜራ እየታየ፣ በማይክሮፎን እየተደመጠ ይሰጣል። መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደ መውደቅ ይቆጠራል። የሚሰጠው ዕድል ሦስት ሲሆን ሁለቱን ኮምፒውተሩ በልቷቸዋል። የመጨረሻው ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ደግሞ ሳሎናቸው ውስጥ ቡፌው ላይ ተቀምጧል፦ አዲስ ፓስፖርት። ዱባይ ያለችው የአክስቷ ልጅ የቤት ሠራተኛ የሚፈልጉ ሰዎች አግኝታላታለች፤ እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ ብላታለች።

«ስድስቱንም ጊዜ ሲሞት ምን እየሠራሽ ነበር?»

«ሁለቱን፣ ባለፈው ቅዳሜና ትናንት፣ ፈተናው ላይ ነበርኩ። አራቱን የልምምድ ፈተና ላይ።»

«ፊልም ስታዪበትስ?»

«ስድስት ሰዓት ሙሉ አይቼበታለሁ። ንቅንቅ አላለም።»

«ፈተና የሚፈራ ኮምፒውተር ነዋ። እንደ እኔ ነው።» ዘርፉ ጎኑን ዘጋችው። «መብራት ሄዶ እንዳይሆን?»

«ዋይፋዩ እዚያው ማከፋፈያ ላይ ነው የተሰካው። እሱ አንድም ጊዜ አልጠፋም።»

ዘርፉ ኮምፒውተሩን አስነሥታ ከባድ ሥራ ሰጠችው። ኮንቴይነሯ በእኩለ ቀን እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ትግላለች፤ እሷ ይባስ ብላ ጃኬቷን ደረበችበት። ማጥፊያውን፣ ተጣብቆ እንደሆነ ብላ፣ ገና ሳትሰካው መቶ ጊዜ ያህል ነካክታዋለች፤ ጤነኛ ነው። ማሽኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት እያጓራ ሠራ እንጂ አልሞተም። ሃዊ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታየው ዋለች። አለመሞቱ ከመሞቱ የበለጠ አስጨነቃት። የት እንደሚያምህ የማታውቀው በሽታ ይመስላል።

ሊዘጉ ሲሉ ዘርፉ ማሽኑ በራሱ የሚይዘውን መዝገብ ከፈተች። ኮምፒውተር በድንገት ሞቶ ሲነሣ አሟሟቱን እዚያ ላይ ይጽፋል።

«እሱን አይቼዋለሁ» አለች ሃዊ። «‹በድንገት ጠፋ› ነው የሚለው።»

«የመጀመሪያውን መስመር ነው ያነበብሽው። ሰው ሁሉ እዚያው ላይ ነው የሚያቆመው።» ዘርፉ በጣቷ እየገፋች ወደ ታች ወረደች። «ይኸውልሽ። መብራት ሄዶ ቢሆን እዚህ ቦታ ላይ ዜሮ ነበር የሚኖረው። ይሄ ግን ዜሮ አይደለም። የረቡዕም ዜሮ አይደለም፣ የቅዳሜም አይደለም፣ የአንዱም አይደለም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ማጥፊያው ተጭኖ ነው የጠፋው። ነካ ተደርጎ እንኳ አይደለም፤ ከአራት ሰከንድ በላይ ተጭኖ ተይዞ።» ዘርፉ ወንበሯን አዙራ ልጅቱን አየቻት። «ዕቃሽ ንጹሕ ነው። ይሄን የሚገድለው ሰው ነው።»

ሃዊ በጣቷ ቆጠረች። «ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ አባዬና እማዬ ነን» አለች። «ግቢው ውስጥ ደግሞ ጂብሪል የሚባል ተከራይ አለ።»

«አራት ናችሁ ማለት ነው።»

«እኔንም ቆጠርሽኝ?»

«አንቺን አንደኛ ነው የቆጠርኩሽ። መውደቅ የፈራ ሰው ‹ተበላሸብኝ› ማለት ይቀለዋል።»



ዓርብ ጠዋት ዘርፉ ፍራንኮ ሰፈር ያለው ግቢ ደረሰች። በሩ ላይ ሰማያዊ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ቆማለች፤ ሳሎኑ በር ላይ ደግሞ ወይዘሮ ሙሉዬ ቆመዋል። በመዋዕለ ሕፃናት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰፊ መዳፍ ያላቸው ሴት ናቸው። «ነይ የኔ ልጅ፣ ነይ ግቢ!» አሉና ሁለት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ጥበብ ስጣት፣ እጇን ባርክ» እያሉ ተጫኗት። ዘርፉ ትከሻዋ ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ ጠበቀች። ቤተ ክርስቲያን ከሳመች ከርማለች፤ ግን ምርቃት አይመለስም።

ኮምፒውተሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቦታው ለብቻው የሚገርም ነው። ስክሪኑና ካሜራው ያሉት ሃዊ ክፍል ውስጥ ሲሆን ሳጥኑ ግን ከቺፕውድ ግድግዳው ወዲህ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጠው። የፋኑ ድምፅ ማይክሮፎኑ ውስጥ እየገባ ስላስቸገራት ሃዊ ግድግዳውን በስታ ገመዶቹን በዚያ አሳልፋለች። ፈተና ስትጀምር ሳሎን ውስጥ ማንም እንዳይኖር ታዛለች፤ በሯንም ከውስጥ ትዘጋለች።

ወይዘሮ ሙሉዬ ሳጥኑ እንደተቀመጠ ነጭ ዳንቴል አምጥተው አለበሱት። ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ሬዲዮኑም እንዲሁ ለብሰዋል።

«በእጅዎ የሠሩት ነው እትዬ ሙሉዬ?»

«በእጄ ነው። አቧራው እንዴት ያለ መሰለሽ! የአዳማ ነፋስ ማንንም አይምርም።»

«በስኳር ውሃ ነው ያደረቁት?»

«በስኳር ነው። ቀጥ ብሎ እንዲቆም።»

ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሦስቱ ጥጎች እንደ ካርቶን ደርቀዋል። አራተኛው፣ የፊት ለፊቱ ቀኝ ጥግ፣ ለስልሶ ተኝቷል፤ ዘርፉ ስትነካው ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ሁለት ጉንዳኖች እዚያው ይዞራሉ። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ሥሩ፣ ሳጥኑ አናት ላይ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ጠፍጣፋ ማጥፊያ አለች።

«ይሄ ጥግ ምን ነካው?»

«እንጃ ልጄ። ሙቀት ይሆናል። አጥቤ ስኳር አስነካዋለሁ።»

ዘርፉ የወደቀ ብሎን እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ አለች። በርጩማው ፊት ያለው ምንጣፍ ጸጉሩ ሁለት ቦታ ላይ ተጨፍልቋል፤ ክብ ክብ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ጡጫ ያህል። ተነሣች።

«እትዬ ሙሉዬ፣ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ምን እያደረጉ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ? ልጄ እሳት ውስጥ ገብታ እኔ ምን ሥራ አለኝ? ጸሎት ላይ ነበርኩ።»

«የመጀመሪያው ፈተና ቀንስ?»

«ጸሎት ላይ።»

«ልምምድ ስታደርግስ?»

«እሱስ ፈተና አይደል? ጸሎት ላይ ነዋ።» ወይዘሮ ሙሉዬ ድምፃቸው ቀጠነ። «ሌላ የማውቀው ነገር ቢኖረኝ እሱን አደርግ ነበር። ኮምፒውተር አላውቅ፣ እንግሊዝኛ አላውቅ። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ፤ እሷም ሰው ቤት ወለል ልትወለውል ነው። በምኔ ልያዛት?»

ሃዊ ዘርፉን ወደ ክፍሏ ይዛት ገባች። «እማዬን ተያት። መኝታ ቤቷ ዘግታ ነው የምትጸልየው፣ ጸሎት ላይ ከሆነች ቤት ቢፈርስ አትሰማም። ደግሞ ሲጠፋብኝ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። እኔ ገመድ እየነቀነቅኩ ስጮህ በሬን የምታንኳኳው እማዬ ናት።»

«ቀድማ?»

«ሁልጊዜ።»

አቶ ብዙነህ ጓሮ ነበሩ። በድሮው ባቡር ዘመን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበሩ ደረቅ ሽማግሌ ናቸው። ዘርፉን ከእግር እስከ ራሷ አይተው «አንቺ ነሽ የኮምፒውተር ሐኪም?» አሏት።

«ዛሬ መርማሪ ነኝ ጋሽ ብዙነህ። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«በር ላይ።»

«ከማን ጋር?»

«ከራሴ ጋር። ከራስ ጋር መቀመጥ ወንጀል ሆነ?»

«ኮምፒውተሩን አይወዱትም ይባላል።»

«ሳጥን ይወደዳል እንዴ? መልካሳ፣ ምርምር ማዕከሉ ሥራ አውጥቶ ‹ሂጂ ተመዝገቢ› ብያት ነበር። እኔ የራሴን እገጣጥማለሁ አለች። ቦታው ሰው ያዘው። አሁን ሳጥኑም አልሆነ፣ መልካሳም አልሆነ፤ ዱባይ ሆነ!» ፊታቸውን አዞሩ። «ሁለት ወር ሆነን፣ ከሰላምታ በስተቀር አናወራም።»

«ማጥፊያው የት እንዳለ ያውቃሉ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከኤሌክትሪክ ጋር ኖሬ ማጥፊያ ይጠፋኛል? ሳሎኔ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

ሃዊ በመስኮት ሰማች። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ።

ጂብሪል ባጃጁን እየወለወለ ነበር። «አካም ጂርታ ኢንጂነር!» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አላት።

«ፈያ። ባጃጅህ መብራት ትጨርሳለች አሉ።»

«ነዳጅ ሰልፍ ላይ ከማረጅ ይሻላል አቦ።»

«ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ቻርጅ ሰክተህ ነበር?»

«ወላሂ አልሰካሁም! ደግሞ መቼ አስጠግተውኝ!»

«ማን ነው ያላስጠጋህ?»

ጂብሪል ወደ ጓሮው ሰረቅ አድርጎ አየና ጨርቁን ጨመቀ። «ተይው። አደራ ተብያለሁ።»

«ሳሎን ገብተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? ጫማዬን ካላወለቅሁ እትዬ ሙሉዬ ያሳድሩኛል? እሳቸውን እንኳ አትንኪብኝ። ባጃጇን ያመጣኋት ቀን መሪዋ ላይ እጃቸውን ጭነው ‹በኢየሱስ ስም!› ብለው ሲባርኩልኝ ‹እትዬ፣ እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ› አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ባጃጇ ግን አይደለችም!›» ጂብሪል ጭኑን መታ። «ከዚያ ወዲህ ጎማ ፈንድቶብኝ አያውቅም፣ ወላሂ!»

ዘርፉ ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ፣ ልክ እንደ ኮምፒውተሩ። እጇን አንሥታ ጠዋት የተጫኑትን ትከሻዋን ዳበሰች። ከዚያ ባጃጇ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ለመፍታት ስትጓጓለት የዋለችው ነገር አሁን እንዳልተፈታ ቢቀር ተመኘች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። አቶ ብዙነህ ከበሩ አጠገብ፣ ጂብሪል ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ ሃዊ ቡፌውን ተደግፋ ከፓስፖርቷ ጎን፣ ወይዘሮ ሙሉዬ ሶፋ ላይ። ኮምፒውተሩ ዳንቴሉን ለብሶ እንደ ስድስተኛ ሰው መሐላቸው ተቀምጧል።

«አጭር ነው» አለች ዘርፉ። «ሙቀት አይደለም፤ እኔ ቤት ከዚህ በባሰ ሙቀት ውስጥ፣ ጃኬት ደርቤበት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሠርቷል። መብራት አይደለም፤ ከጎኑ የተሰካው ዋይፋይ አልጠፋም። ዕቃውም አይደለም። መዝገቡ እንደሚለው ስድስቱንም ጊዜ ማጥፊያውን የተጫነ ሰው አለ። ሃዊ አይደለችም፤ በፈተናው ሰዓት ካሜራ እያያት ከግድግዳው ወዲያ ነበረች፣ ሳጥኑ ደግሞ ወዲህ ነው።»

ሃዊ ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። «አባዬ» አለች። «አንተ ነህ?»

አቶ ብዙነህ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ።

«መልካሳ አልሄድ ስላልኩህ ነው? እሺ በለኝ! ቢያንስ ልወቀው!»

«ኧረ አላህን ፍሪ!» ጂብሪል ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ። «አደራውስ ይቅርና እናገራለሁ። ረቡዕም፣ ያኔ ቅዳሜም፣ በልምምዱም ቀን ጋሽ ብዙነህ ከእኔ ጋር በር ላይ ነበሩ። ቻርጀሬ ላይ ቁጭ ብለው! ‹ልጄ እስክትጨርስ እዚህ ግቢ ውስጥ አንዲት ነገር አትሰካም፣ መብራቱ ይዋዥቅባታል› ብለው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ዶሮ ታቅፈውት ነው የሚቀመጡት!»

ማንም አልሳቀም። አቶ ብዙነህ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ስታብላይዘሩ ደካማ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለባርኔጣው።

ሃዊ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። «ታዲያ ማን ነው?»

ዘርፉ ዳንቴሉን ከሳጥኑ ላይ አንሥታ ይዛዋለች። ምላሷ ለማንም ተኝቶ አያውቅም፤ ለፖሊስም፣ ለሻጭም፣ ለወንድም። አሁን ተኛባት።

«ይሄ በስኳር የደረቀ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሦስቱ ጥጎች ደርቀዋል። ይሄኛው ግን ሟሙቷል። ስኳር በአየር ሙቀት እንዲህ አይሟሟም፤ ላብ ያለው ሙቅ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲያርፍበት ነው። ማጥፊያው ደግሞ ልክ ከሥሩ ነው። ጨርቁ ሸፍኖታል፣ ያረፈበት ሰው አያየውም። ምንጣፉ ላይ የጉልበት ምልክት አለ። ሰው... ሰው ተንበርክኮ...»

አቆመች። ጥፋተኛ ፈልጋ መጥታ ያገኘችው ነገር ከዚያ በላይ አላስኬዳትም።

ወይዘሮ ሙሉዬ ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው መዳፋቸውን አዩት፤ የሌላ ሰው እጅ ያዩ ይመስላሉ።

«እጄ ነው?» አሉ።

መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉት።

«ለታመመ ሰው እጅ ይጫናል። እኔ ሌላ አላውቅም። መኝታ ቤት ሆኜ ስጸልይ ሩቅ ሆነብኝ፤ ቀስ ብዬ ወጥቼ እዚህ ተንበረከክሁ። ውስጡ ሲያጓራ፣ ሲያቃስት ይሰማኛል። ‹ጌታ ሆይ፣ አሳርፈው› እያልኩ ክብደቴን ጥዬ ስጫነው ጸጥ ይላል።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ጸጥ ሲል የተሰማልኝ መሰለኝ። ከዚያ እሷ ትጮሃለች። ጸሎቴ አንሶ ነው እያልኩ በሚቀጥለው ጊዜ አብዝቼ ተጫንኩት።»

ሃዊ ቡፌውን በሁለት እጇ ያዘችው። «ስድስት ጊዜ» አለች። «እማዬ፣ ስድስት ጊዜ... ሌሊት እየተነሣሁ ብሎን ስፈታ፣ እጄ ነው የማይረባው ብዬ...» አልጮኸችም፣ አልሳቀችም። በማን ላይ ትጩህ? ቢሰርቋት ትከሳለች፤ ቢቀኑባት ትራገማለች። ይህን ግን ምን እንደሚያደርጉት አታውቅም።

«ነገ በጠዋት ቢሾፍቱ፣ እህቴ ጋ እሄዳለሁ» አሉ ወይዘሮ ሙሉዬ እየተነሡ። «ፈተናዋን ጨርሳ እስክትደውል እዚያ እሆናለሁ። እዚህ ከዋልኩ ራሴን አላምነውም። ሲጨንቀኝ እጄን የት ላድርገው?»

 

ዘርፉ ከኪሷ ካቻቢቴ አወጣች። ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ ጎኑን ከፈተች፣ ከማጥፊያው ተነሥተው ወደ ውስጥ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በጥፍሯ ፈልጋ ነቀለቻቸው። ከዚያ ሽቦዎቹ ተሰክተውበት የነበረውን ቦታ በካቻቢቴው ጫፍ ነካ ስታደርገው ማሽኑ ተነሥቶ አጓራ። ጎኑን ዘጋች፣ ዳንቴሉን መልሳ አለበሰች።

«ይምጡ እትዬ ሙሉዬ። ይጫኑት።»

«አልነካም!»

«ይጫኑት እንጂ። እኔ እያለሁ።»

ወይዘሮ ሙሉዬ ትኩስ ድስት እንደሚነካ ሰው አንድ ጣት አሳረፉ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መዳፋቸውን። ዘርፉ በጎን ትቆጥራለች፤ አራት፣ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ። ማሽኑ ያጓራል።

«ማጥፊያው ከእንግዲህ ጌጥ ነው» አለች። «ነገ መጥቼ እኔ አስነሣዋለሁ። ቢሾፍቱ የሚሄድ ሰው የለም።»

ሃዊ ግን እናቷን ሳታይ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዘርፉ መጣች፣ ኮምፒውተሩን በካቻቢቴ አስነሣች። ሦስት ሰዓት ላይ የሃዊ በር ተዘጋ። ጂብሪል ባጃጇን ነቅሎ ግቢው መሐል ቆሟል፤ አቶ ብዙነህ በር ላይ ቻርጀሩን ታቅፈዋል። ወይዘሮ ሙሉዬ ከኮምፒውተሩ በጣም ርቀው ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ደብቀው ተቀመጡ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት አለፈ። ሦስት ተኩልም አለፈ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የሳሎኑ አምፖል ደበዘዘ። ደምቆ ተመለሰ፣ ደግሞ ደበዘዘ፤ ስታብላይዘሩ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። አዳማ ላይ መብራት ለመሄድ ምክንያት አያስፈልገውም። አቶ ብዙነህ ቻርጀሩን እንደታቀፉ እየሮጡ ገቡና አምፖሉን ቀና ብለው አዩ። ጂብሪል ጫማውን ማውለቅ ረስቶ ከኋላቸው ገባ። አራት ሰዎች ወደ አንድ አምፖል አንጋጠጡ። ከግድግዳው ወዲያ ሃዊ አንድ ሕመምተኛ ያለውን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ ትሰማለች፤ ምንም አላወቀችም።

ወይዘሮ ሙሉዬ ዘርፉን አዩ። ዘርፉ ካቻቢቴዋን አየች። ለዚህ የሚፈታ ብሎን፣ የሚነቀል ሽቦ የለም፤ የሚጠየቅ ሰውም የለም። ያልተማረችው ነገር እንዳለ የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ምንም ሊደረግለት የማይችል ነገር እንዳለ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላመነችም።

ሄዳ የሴትዮዋን እጅ ከጭናቸው ሥር አወጣችውና ይዛ ወደ በርጩማው መራቻቸው። ወይዘሮ ሙሉዬ ተንበረከኩ። መዳፋቸው የለሰለሰው ጥግ ላይ አረፈ። ማሽኑ በሙሉ ድምፁ ያጓራ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ጸጥ እንዲል ማንም አልጸለየም። ዘርፉ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ተንበርክካ የራሷን እጅ ከጎናቸው አደረገች። ቀጥሎ የአቶ ብዙነህ እጅ መጣ። ጂብሪል ትንሽ አመነታና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጠርዙን በሁለት ጣት ያዘ።

አምፖሉ ደበዘዘ፣ ደመቀ፣ ደበዘዘ። ጉልበታቸው ዛለ። ቡፌው ላይ ፓስፖርቱ እንደተቀመጠ ነው።

አምስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ በሩ ተከፈተ። ሃዊ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ደፉ ላይ ቆመች። ከወጣት እስከ ሽማግሌ፣ በርጩማ ከበው የተንበረከኩትን አየቻቸው። ውጤቱ ሰኞ ነው የሚላከው፤ እስከዚያ አንዳቸውም የሚያደርጉት ነገር የለም።

«ጨረስኩ» አለች። «አልጠፋም። እማዬ፣ አልጠፋም።»

ሁሉም ሰሟት። እጁን ያነሣ ግን አልነበረም።